በቤታቸው ሆነው ለዩኒየን የሚሠሩ ሰዎችና የአሠሪው የሕግና የግብር ግዴታ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለወረዳ የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
ከዞንና ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የመጣችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ በዓል የሚነገረው ስለ ተሰበሰበው እህል፣ ስለ ተሠራጨው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ስለ ተሠራው መጋዘንና ለአባላት ስለ ተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ነው። ይህም ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግር ግን በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ ስማቸው በማይገኝ ሰዎች ላይ ያተኩራል። እነዚህ ሰዎች የዩኒየኑን ሥራ ይሠራሉ፤ ነገር ግን በዩኒየኑ ግቢ አይታዩም። በደመወዝ መክፈያ ሊስት ላይ አይፈርሙም። ድካማቸው በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲፈለግ የሚገኘው "ልዩ ልዩ ወጪ" በሚል አንድ መስመር ውስጥ ነው።

እነማን ናቸው?

አንድ ዩኒየን እህል ሰብስቦ በጅምላ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ምርቱን አዘጋጅቶ ለገበያ ማቅረብ ሲጀምር ሥራው ከመጋዘኑ ግቢ አልፎ ወደ መንደር ይገባል። ዛላ በርበሬ በጆንያ ተመዝኖ ለእናቶች ይሰጣል፤ እነሱም በቤታቸው ቀንጥሰው፣ አጽድተውና አድርቀው ይመልሳሉ። ሽንብራና አተር ለሽሮ ሲታሰብ ጠጠሩና እንክርዳዱ በእጅ ይለቀማል። የተቀደደ ጆንያ በቤት ይሰፋል። ስብሰባ ሲኖር እንጀራው በአንዲት እናት ቤት ይጋገራል። በሌላ በኩል ደግሞ ኮምፒውተር ያለው አንድ ወጣት የአባላትን ስምና የዕጣ መጠን ከአሮጌው መዝገብ ላይ እያነበበ በቤቱ ይመዘግባል። ሙያ ያለው የሒሳብ ሠራተኛም የመሠረታዊ ማኅበራትን ሒሳብ ማታ ማታ በቤቱ ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች በተለምዶ "የቤት ሠራተኛ" ከሚባሉት የተለዩ ናቸው። የቤት ሠራተኛ በአሠሪዋ ቤት የቤተሰቡን ሥራ የምትሠራ ናት። እነዚህ ግን በራሳቸው ቤት ሆነው የድርጅት ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ብዙውን ጊዜም የአባላት ሚስቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የባዕድ ጉዳይ ሳይሆን የአባላቱ የራሳቸው ቤት ጉዳይ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ የማኅበር ሥራ አስኪያጆች ሠራተኛ ማለት በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ የሚወጣ፣ አለቃ ከአጠገቡ የማይጠፋ ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 46 ላይ በቤት ስለሚሠራ ሥራ ራሱን የቻለ ድንጋጌ አስቀምጧል። አንድ ሰው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ፣ ከአሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ውጭ፣ ክፍያ እያገኘ ዘወትር ለአንድ አሠሪ የሚሠራ ከሆነ በመካከላቸው የሥራ ውል አለ ማለት ነው። ውሉም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ እንደ ተደረገ ይቆጠራል።

ይህ ድንጋጌ ትናንት የመጣ አይደለም። ከእሱ በፊት በነበረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ውስጥም ነበር። በዓለም አቀፍ ደረጃም የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 በቤት ስለሚሠራ ሥራ 177ኛውን ስምምነት አጽድቋል። ስለሆነም "እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን አላወቅንም" የሚለው መልስ አሠሪውን የሚያድን አይሆንም።

የትኞቹ የአዋጁ ክፍሎች በቤት ለሚሠሩ ሰዎች በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚሠሩ በመመሪያ የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው ለሚኒስትሩ ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ ራሱ አንድ ግዴታ ለይቶ አስቀምጧል፤ ይኸውም በአንቀጽ 47 የተመለከተው የመዝገብ ግዴታ ነው። በዚህ መሠረት አሠሪው የሚከተሉት በዝርዝር የሚጻፉበት መዝገብ መያዝ አለበት፦

ሀ) የሠራተኛው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና አድራሻ፤
ለ) ሥራው የሚሠራበት ቦታ አድራሻ፤
ሐ) አሠሪው የሰጠው ዕቃ ዓይነት፣ ዋጋ፣ ጥራትና መጠን፤
መ) የታዘዘው ሥራ ዓይነት፣ ጥራትና መጠን፤
ሠ) ዕቃው ወይም የተሠራው ሥራ የሚረከብበት ጊዜና ቦታ፤
ረ) የክፍያው መጠንና አከፋፈል።

ይህን ለመፈጸም ኮምፒውተር ወይም አማካሪ ድርጅት አያስፈልግም። አንድ ወፍራም ደብተር፣ አንድ ማስመሪያና በየርክክቡ የሚጽፍ አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይበቃል። ከደብተሩ በተጨማሪ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዋጁ በጠቅላላው ያዛል። አስተዋይ ማኅበር በቤት ለሚሠሩትም ይህንኑ ያደርጋል። ማንበብ ለማትችል እናትም በምስክር ፊት ተነቦላት በጣት አሻራዋ ታረጋግጣለች።

"ግዥ ነው እንጂ ሥራ አይደለም" የሚለው ወረቀት

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚታየው ዋናው ስሕተት የሚከተለው ነው። አንዳንድ አሠሪ ግዴታውን ለመሸሽ፣ አንዳንዱም ሒሳቡ ቀላል እንዲሆንለት በማሰብ፣ ዛላውን በርበሬ ለእናቲቱ "እንደ ሸጠላት" አድርጎ ይጽፋል። ቀንጥሳ ስትመልስ ደግሞ የተዘጋጀውን በርበሬ ከእሷ "እንደ ገዛ" አድርጎ ቫውቸር ይቆርጣል። በወረቀት ላይ ሁለት ነጋዴዎች ተገበያዩ ማለት ነው።

ሕጉ ግን ይህን ዘዴ አስቀድሞ ተመልክቶታል። በአንቀጽ 46 ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ ላይ አሠሪው ጥሬ ዕቃ ወይም መሣሪያ ለሠራተኛው ሸጦ የተሠራውን መልሶ የሚገዛበት ስምምነት፣ ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ዝግጅት፣ በቤት የሚሠራ ሥራ ውል ሆኖ ይቆጠራል ይላል። ስሙ ግዥ ቢባልም ሥራው ሥራ ነው። ቫውቸሩ እውነቱን አይለውጠውም።

ይህ ጉዳይ የቃላት ክርክር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በርበሬው ዝናብ አግኝቶት ቢሻግት በ"ሽያጭ" ወረቀቱ መሠረት ኪሳራው የእናቲቱ ይሆናል፤ ምክንያቱም "ገዝታለች" ተብሏል። ከወራት ድካም በኋላ የዩኒየኑ ባለ ዕዳ ሆና ትገኛለች። ኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው ገበሬውን ከአራጣ አበዳሪና ከደላላ ለማውጣት ሆኖ ሳለ በገዛ አባላቱ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕዳ የሚፈጥር ከሆነ የቆመለትን ዓላማ ይስታል።

በራሱ ኃላፊነት የሚሠራውስ?

በቤቱ የሚሠራ ሁሉ ግን የዩኒየኑ ሠራተኛ ነው ማለት አይደለም። ይኸው አዋጅ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት፣ ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2610 ላይ በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት ስለሚዋዋል የሥራ ተቋራጭ ይናገራል።

ልዩነቱን ለማወቅ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መጠየቅ ይጠቅማል። ዕቃውና መሣሪያው የማን ነው? ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነውስ? ሰውየው ለሌሎች ደንበኞችም ይሠራል ወይስ ለዚህ አሠሪ ብቻ? ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? የንግድ ወይም የሙያ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ አለው?

በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን ፈቃድ ኖሮት የብዙ ድርጅቶችን ሒሳብ በራሱ ኮምፒውተርና በራሱ አሠራር የሚዘጋው ባለሙያ ተቋራጭ ነው። በርበሬውን በዩኒየኑ ሚዛን ተቀብላ፣ ዩኒየኑ በወሰነው የኪሎ ዋጋ፣ ዩኒየኑ ባዘዘው የጥራት ደረጃ፣ ለዩኒየኑ ብቻ የምትሠራው እናት ግን ነጋዴ ልትባል አትችልም። የአባላትን መዝገብ የሚመዘግበው ወጣት በመካከል ይገኛል። በአንድ ወር የሚያልቅ አንድ ሥራ ብቻ ተዋውሎ በራሱ መንገድ ቢሠራ ወደ ተቋራጭነት ያዘነብላል። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ትእዛዝ እየተቀበለ የሚሠራ ከሆነ ግን ወደ ሠራተኛነት ያዘነብላል።

ለተቋራጩ የሚከፈል ገንዘብ የራሱ የግብር ሥርዓት አለው። ደረሰኝ መቀበልና ከክፍያው ላይ በቅድሚያ የሚያዘውን ግብር ቀንሶ ገቢ ማድረግ ያስፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት 2 በመቶ፣ የመለያ ቁጥር ላላቀረበ ግን 30 በመቶ ይቀነስ ነበር። ከ3,600 ብር ላይ 72 ብር በመቀነስና 1,080 ብር በመቀነስ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቁጥር መኖርና አለመኖር ብቻ ነበር ማለት ነው። በቅድሚያ የሚያዘው ግብር ተመንና የገንዘብ ወለል በ2017 ዓ.ም. በወጣው የማሻሻያ አዋጅ ተለውጧል፤ ስለሆነም ሒሳብ ሹሙ በድሮው ቁጥር እንዳይሠራ ይጠንቀቅ። የመለያ ቁጥር አስፈላጊነት ግን ዛሬም እንዳለ ነው።

የሥራ ግብር

አንዳንድ የማኅበር አመራሮች "ኅብረት ሥራ ማኅበር ከግብር ነፃ ነው" ይላሉ። ይህ አባባል ግማሹን ብቻ የያዘ ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሰጠው የገቢ ግብር ነፃነት የማኅበሩን የራሱን ገቢ የሚመለከት ነበር። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቀነሰው የሥራ ግብር ግን የሠራተኛው ግብር ነው። ማኅበሩ ቀንሶ የሚያስተላልፍ ወኪል ነው እንጂ የግብሩ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ የራሱ ነፃነት ለሌላው ሰው ግብር መልስ ሊሆን አይችልም።

የገቢ ግብር ሕጉ ተቀጣሪ የሚለው በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር፣ በቋሚነትም ሆነ በጊዜያዊነት፣ አገልግሎት የሚሰጥን ግለሰብ ነው። የሥራውን አካሄድ የመምራት ሰፊ ሥልጣን በእጁ የቀረውን ሰው ደግሞ ራሱን የቻለ የሥራ ተቋራጭ ይለዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መለኪያና የግብር ሕጉ መለኪያ ቃል በቃል አንድ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ይገባል። ስለዚህ በቤት የሚሠሩት ሰዎች በየትኛው ወገን እንደሚመደቡ ቦርዱ በቃለ ጉባኤ መወሰንና ጥርጣሬ ሲኖር የግብር ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በፋይል ማኖር አለበት። በቃል የተሰጠ መልስ ኦዲተር ሲመጣ አይገኝም።

ተቀጣሪ ናቸው ከተባለ ስሌቱ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የሥራ ገቢ ግብር አይከፈልበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት በወር 300 ኪሎ በርበሬ በኪሎ 12 ብር ሒሳብ ቀንጥሳ 3,600 ብር አገኘች እንበል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። በቀሪው 1,600 ብር ላይ 15 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 240 ብር ይሆናል። ሒሳብ ሹሙ ግን ግድግዳው ላይ የለጠፈው የ2008ቱን ሰንጠረዥ ቢሆንስ? ያኔ ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ከ601 እስከ 1,650 ብር ባለው ላይ 10 በመቶ 105 ብር፣ ከ1,651 እስከ 3,200 ባለው ላይ 15 በመቶ 232 ብር ከ50፣ በቀሪው 400 ብር ላይ 20 በመቶ 80 ብር፣ በድምሩ 417 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆርጥባታል። በአንድ አሮጌ ወረቀት ምክንያት በየወሩ 177 ብር ከ50 ሳንቲም ያላግባብ ከእጇ ይወጣል። ሒሳብ ሹሙ በእጁ ያለው ሰንጠረዥ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ዛሬውኑ ይመልከት።

የተቀነሰው ግብር ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገቢ መደረግ አለበት። ሳይቀንስ የቀረ አሠሪ ግብሩን ራሱ ተጠያቂ ሆኖ ይከፍላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ደግሞ ቅጣቱን በድርጅቱ ላይ ብቻ አላቆመውም፤ ሥራ አስኪያጁንና ዋናውን ሒሳብ ሹም በግላቸው ተጠያቂ አድርጓል። ሳይቀነስ ዓመታት የተከማቸ ግብር በአንድ ቀን ሲጠየቅ የሚከፈለው ከማን ኪስ ነው? ከአባላት የትርፍ ድርሻ ላይ መሆኑ ግልጽ ነው። በርበሬ ቀንጥሳ የማታውቅ የሩቅ ቀበሌ አባልም ዕዳውን ትካፈላለች።

የጡረታ መዋጮ

በ2014 ዓ.ም. በወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268 መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ከላይ በተጠቀሰው የ3,600 ብር ምሳሌ ሠራተኛዋ 252 ብር፣ ዩኒየኑ 396 ብር ያዋጣሉ ማለት ነው።

በቤት ለአጭር ጊዜ የሚሠራ ሰው ሁሉ በጡረታ ይሸፈናል ብሎ በደፈናው መናገር ልክ አይሆንም፤ የውሉ ዓይነትና የቆይታው ርዝመት ይታያል። ይሁን እንጂ ለዓመታት ያለማቋረጥ የሠራች ሴት ስታረጅ "አንድ ቀንም አልተመዘገበችም" መባሉ በሕግም በኅሊናም የሚያስጠይቅ ነው። ዩኒየኑ የውሎቹን ቅጂ ይዞ ወደ ግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ቀርቦ ማን እንደሚመዘገብ ማስወሰን ይኖርበታል።

ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል?

ይህ ነጥብ በማኅበራት ዘንድ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ ቀበሌዎች የማኅበሩ አባልነት የተመዘገበው በባል ስም ነው። ሥራውን የሠራችው ሚስት ሆና ሳለ ክፍያው በአባሉ ሒሳብ ሊገባ፣ ወይም "የማዳበሪያ ዕዳ አለባችሁ" ተብሎ ሊቻቻል ይችላል። እናቲቱ ጆንያውን ተሸክማ አስረክባ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ደመወዝ ለሠራተኛው ለራሱ ወይም እሱ ለወከለው ሰው ይከፈል ይላል። ሚስት የባሏ ወኪል፣ ባልም የሚስቱ ወኪል በጋብቻ ብቻ አይሆንም። ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚቻለውም በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው። የሚቀነሰውም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ 3,600 ብር ካገኘች ሴት ላይ፣ እሷ ራሷ ፈርማ ብትስማማ እንኳ፣ በወር ከ1,200 ብር በላይ ለዕዳ መያዝ አይቻልም። ካልፈረመች ደግሞ የባሏ የማዳበሪያ ዕዳ ከድካሟ ላይ ሊነሳ አይገባም። ለተበላሸ ዕቃ፣ ለጎደለ ኪሎ፣ ለጠፋ ጆንያ ተብሎ የሚቆረጠውም በዚሁ ደንብ ይገዛል።

ደመወዝ የመጠየቅ መብት በ6 ወር ጊዜ በይርጋ እንደሚታገድም መታወቅ አለበት። "መኸር ሲገባ ይከፈላል" እየተባለ የሚቆየው ሒሳብ ሳታውቀው መብቷን ሊያሳጣት ይችላል። ክፍያው በየወሩ፣ በሊስት፣ በፊርማ ወይም በአሻራ ይሁን።

ልጆችና ጤንነት

ሥራ በቤት ሲሆን የሚሠራው እጅ የማን እንደሆነ ከቢሮ አይታይም። ክፍያው በኪሎ ስለሆነ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አንዳንዴም ሳይሄዱ ቀርተው፣ ለቀማው ላይ ይቀመጣሉ። የ2011ዱ አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጎታል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትን ወጣት ሠራተኞችም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት ይከለክላል። በመዝገቡ ላይ ዕድሜ እንዲጻፍ ሕጉ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። የሚሰጠው የጆንያ ብዛት አንዲት ሴት ልትጨርሰው ከምትችለው በላይ ከሆነ ትርፉን የሚሠራው ማን እንደሆነ መጠየቅ የአሠሪው ድርሻ ነው።

የበርበሬ ብናኝ ዓይንና ሳንባ የሚጎዳ መሆኑን የማያውቅ የለም። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ዋጋቸው ትንሽ ነው። ማን እንደሚያቀርብ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሕፃን ተኝቶ በሚያድርበት ክፍል ውስጥ በርበሬ እንዳይከማችም በርክክቡ ዕለት ምክር መስጠት ይቻላል።

ከየት ይጀመር?

በመጀመሪያ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በቀበሌው በቤታቸው ሆነው ለማኅበሩ ወይም ለዩኒየኑ የሚሠሩትን ሰዎች ስም ዝርዝር ያዘጋጅ። ሁለተኛ፣ ቦርዱ ዝርዝሩን ተመልክቶ ሠራተኛ የሆኑትንና ተቋራጭ የሆኑትን ይለይ። ሦስተኛ፣ በአንቀጽ 47 የተዘረዘረውን መዝገብ ያስከፍት፤ ለእያንዳንዷ ሠራተኛም የተቀበለችው፣ ያስረከበችውና የተከፈላት የሚጻፍበት ትንሽ ደብተር በእጇ ይሰጣት። አራተኛ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌላቸው እንዲያወጡ ዩኒየኑ ያግዛቸው። አምስተኛ፣ የቁጥጥር ኮሚቴው በየሩብ ዓመቱ መዝገቡን ከክፍያ ሊስቱና ከግብር ደረሰኙ ጋር ያመሳክር።

የወረዳ የሥራ ኃላፊዎችም ድርሻ አላችሁ። የገቢዎች ጽሕፈት ቤት የመለያ ቁጥር የሚሰጥ ባለሙያ በገበያ ቀን ወደ ማኅበሩ ግቢ ቢልክ ብዙ እናቶች ከሩቅ መንገድ ይድናሉ። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኦዲተሮችም "ልዩ ልዩ ወጪ" የሚለውን መስመር ሲያዩ "ይህ ገንዘብ ለማን ተከፈለ?" ብለው ይጠይቁ። የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ባለሙያዎችም ከቅጣት በፊት ማስተማርን ያስቀድሙ፤ በዚህ ረገድ ካጠፉት ብዙዎቹ ያጠፉት ባለማወቅ ነውና።

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህ ሁሉ ወጪ የሚጨምር መስሎ የሚታየው አመራር ይኖር ይሆናል። በእርግጥም ይጨምራል፤ ደብተር ይገዛል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ መዋጮ ይከፈላል። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ በአንድ ደብተር የሚስተካከለው ነገር ነገ በፍርድ ቤት፣ በቅጣትና በውዝፍ ግብር ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቲቱ ለዩኒየኑ ያላት እምነት አንድ ጊዜ ከጠፋ በደረሰኝ ተቆርጦ አይመለስም።

በሚመጣው ዓመት በዚህ በዓል ላይ ሪፖርቱ ሲነበብ በርበሬውን የቀነጠሱት፣ ሽንብራውን የለቀሙት፣ ጆንያውን የሰፉት ሰዎች ቁጥርና የተከፈላቸው ገንዘብ "ልዩ ልዩ" ከሚለው መስመር ወጥቶ በራሱ መስመር ላይ ተጽፎ ይሰማ። ያን ቀን ዩኒየኑ አንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን አንድ እርምጃም አድጓል ማለት ይቻላል።